ጣመ፣ ጣመኝ፣ ጣመን

«ጣመህ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ማዕድ ላይ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የቤቱ እመቤት ቆማ ስትጠይቅ «አልጣመኝም» የሚል እንግዳ የለም፤ እሷም የምትጠብቀው ፍርድ ሳይሆን ምርቃት ነው። እኔ ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ ይህችን ጥያቄ እንዲሁ ማለፍ አቅቶኛል። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ አምስት ጓደኛሞች በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ወይን እንቀምሳለን። ከመካከላችን በወይን ሥራ የሚተዳደር የለም፤ አንዱ ሐኪም ነው፣ አንዷ የሒሳብ መምህርት፣ አንዱ መሐንዲስ፣ አንዷ መርካቶ ተወልዳ ያደገች መጽሐፍ ነጋዴ፣ አምስተኛው እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልለን ቁጥር እንጽፍባቸዋለን፤ ሁሉም ቀምሶ እስኪያበቃ ድረስም ማንም እንዳይናገር ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወደ ጎኑ ዞር ይልና «ጣመህ?» ይላል። «ጣመኝ» እላለሁ። ባልኩ ቁጥርም አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ ጣመኝ ስል የተናገርኩት ስለ ወይኑ ነው ወይስ ስለ ራሴ? ወይኑ ጋዜጣውን እንደ ለበሰ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ እኔም እዚያው ተቀምጫለሁ፤ ጣዕሙ ግን የት ነው ያለው?

ከመቅመስ ልጀምር። መቅመስ ከመብላትም ከመጠጣትም ያነሰ ነገር ነው፤ ጥቂት መውሰድ፣ ዳር ዳሩን መንካት ነው። ፊደል ቀመስ የምንለው ትምህርት የነካውን እንጂ የዘለቀውን ሰው አይደለም። በዚህ ፍቺ ቀማሽ ከነገሩ ጋር ያለው ዝምድና ጎዶሎ ነው። ነገር ግን ያው ቃል መከራ ላይ ሲውል ጎዶሎነቱን ይጥላል፤ መከራን የቀመሰ ሰው ስለ መከራ የሰማ ሰው ከቶ የማይደርስበትን ያውቃል፤ ሞትን ቀመሰ ስንልም ዳር ዳሩን ነካ ማለታችን አይደለም። አንድ ግሥ ከዕውቀት ሁሉ ትንሹንና ከዕውቀት ሁሉ ጥልቁን አንድ ላይ ይዟል። ሌላም ሦስተኛ ፍቺ አለው፤ ይህኛው የሚገኘው መዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይሆን የጥንቱ ግብር ቤት ውስጥ ነው። አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂቱን በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይጠጣ ነበር። መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው። ያ ሰው ስለ ጣዕሙ አንዳች አይናገርም፤ ማንም አይጠይቀውም። በሥጋው የሚመሰክረው ሌላው ያለ ሥጋት እንዲጠጣ ነው። እንግዲህ መቅመስ ከጥንት ጀምሮ ለራስ ብቻ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ለሌላው መቅደምም ነበር። ይህን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ጠርሙሶቹን የምንሸፍነው ዕውቀት ምላስን ያጣምማል ብለን ስለምንሠጋ ነው። ዋጋውን ያወቀ ሰው ዋጋውን ይቀምሳል፤ አገሩን ያወቀ ሰው አገሩን ይቀምሳል። ጥር 12 ቀን በምናከብረው የቃና ዘገሊላ ታሪክ ውስጥ ይህ ሥጋት ጥንታዊ መልኩን ይዞ ይገኛል። በሠርጉ ላይ ወይኑ አለቀ፤ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ውኃ ተሞሉ፤ ውኃውም ወይን ሆነ። የግብዣው አሳዳሪ ሲቀምስ ከየት እንደመጣ አላወቀም፤ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር። አገልጋዮቹ ቀመሱ የሚል ቃል በታሪኩ ውስጥ የለም። የቀመሰው አያውቅም፤ የሚያውቁት አልቀመሱም። አሳዳሪው የሸፈነለት ጋዜጣ ሳይኖር ተሸፍኖለት ቀመሰ፣ ፍርዱም ትክክል ነበር፤ መልካሙ ወይን እስከ መጨረሻ መቆየቱን ተናገረ። ምስጋናውን ግን ለሙሽራው ሰጠ፤ ሙሽራው በነገሩ ውስጥ እጁ የለበትም። ምላሱ የወይኑን መልካምነት አገኘ፣ የመልካምነቱን ምንጭ ሳተ። ታዲያ የቀመሰው ምኑን ነው? ወይኑን ቀመሰ ብንል እውነት ነው፤ የሆነውን ነገር ግን አልቀመሰውም። አገልጋዮቹም የሆነውን ያውቃሉ፣ ወይኑ ግን ለእነሱ ያው የቀዱት ውኃ ነው። ነገሩ ምሉዕ ሆኖ የሚገኘው ሁለቱ ወገኖች ቢነጋገሩ ነበር። በአማርኛ ቃና የመንደሩ ስም ብቻ አይደለም፤ የመጠጥ ጣዕምና የዜማ ድምፅም ቃና ይባላል። ድምፁ የገጠመው በአጋጣሚ ይሁን እንጂ በዓሉ በደረሰ ቁጥር ይህ መግጠም ያስደስተኛል፤ ዜማ ብቻውን የሚቀር ነገር አይደለምና፤ ተቀባይ ይፈልጋል።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ የፍርድን ኃይል በመረመረበት መጽሐፉ ከካናሪ ደሴቶች የሚመጣ ወይንን ምሳሌ አድርጎ ያነሣል። አንድ ሰው ይህ ወይን ደስ ያሰኛል ቢልና ሌላው «እኔን ደስ ያሰኘኛል» በል ብሎ ቢያርመው፣ እርማቱን ያለ ቅሬታ ይቀበላል ይላል፤ የምላስ ደስታ የየራስ ነውና። ውበት ግን እንዲህ አይደለም፤ ውብ ነው ያልነውን ነገር ሌላውም ውብ እንዲለው እንጠብቃለን፤ «ለእኔ ውብ ነው» ብለን ብናጠበው ቃሉን ራሱን እናፈርሰዋለን። ይህን ሳነብ የገረመኝ፣ ካንት በእርማት የሚያስገባው «ለእኔ» በአማርኛ ከግሡ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑ ነው። ኝ የምትባለው አንዲት ፊደል ክርክሩን ሁሉ ተሸክማለች። ጣመ ካልኩ ጣዕሙ የወይኑ ነው፤ ጣመኝ ካልኩ ጣዕሙ እኔ ዘንድ ያረፈ ነው። ሰዋስዋችን ሁለቱንም በሮች ከፍቶ ትቶልናል፣ በየትኛው እንደምንገባ ግን አይነግረንም። በመጀመሪያው ከገባሁ አንዱን ወይን እኔ ወድጄው መሐንዲሱ ሲገፋው የምለው አጣለሁ፤ ወይኑ በአንድ ጊዜ ጣፋጭም መራራም ሊሆን ነው። በሁለተኛው ከገባሁ ደግሞ ለምን እንደምንከራከር አይገባኝም። ራሴን አመመኝ ያለን ሰው «የለም፣ አላመመህም» የሚለው የለም። ይህ ወይን ኮምጣጣ ነው ስል ግን መሐንዲሱ አይደለም ይለኛል፣ ሁለታችንም ብርጭቋችንን አንሥተን እንደገና እንቀምሳለን። ያ እንደገና መቅመስ ለእኔ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ማስረጃ ነው። የምንፈልገው ነገር ከሁለታችንም ውጭ እንዳለ ባናምን ኖሮ ብርጭቆው እንደገና ባልተነሣ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደንባችን ፈረሰ። በጋዜጣ ከተጠቀለሉት ጠርሙሶች አንዱ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ካለው የወይን እርሻ የመጣ ሲራ የሚባል ቀይ ወይን ነበር፤ ከዚያ እርሻ የተጠመቀው ወይን ለገበያ መቅረብ የጀመረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ አሸትቼ፣ ተጉመጥምጬ ያገኘሁት ጥቁር ፍሬና ጥቂት ምሬት ነበር። መምህርቷ ሳታስበው «ቁንዶ በርበሬ!» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ቁንዶ በርበሬው ከብርጭቆዬ ተነሣ፤ አዲስ እንደ ተወቀጠ ሆኖ። ከዚያች ሰከንድ በፊት አልነበረም፤ ከዚያች ሰከንድ በኋላ ልሸሸው ብል እንኳ አልቻልኩም። አገኘሁት ወይስ ተሰጠኝ? ተሰጠኝ ካልኩ መምህርቷ የቀመሰችውን ሳይሆን የተናገረችውን ነው የቀመስኩት። አገኘሁት ካልኩ ደግሞ ለምን እሷን ጠበቀኝ?

የመጀመሪያውን ጥርጣሬ የሚያጠናክር ሙከራ አለ። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በፈረንሳይ ቦርዶ የወይን ጠመቃ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ የተደረገ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው፣ ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ቀማሾቹን ይንቃል፤ ቅምሻ ሁሉ ማስመሰል ነው ብሎ ይደመድማል። እኔ ከዚህ ድምዳሜ ጋር አልስማማም። ሙከራው የሚያሳየው አፍንጫ ብቻውን እንደማይሠራ ነው፤ ዓይን አንድ ነገር ሹክ ይለዋል፣ ትዝታ ሌላ ይጨምርለታል፣ ቃል ይመራዋል። ዓይን በሐሰት ቀለም ስለተታለለ ምስክርነቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው አይባልም፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ጓደኛ ከማዕድ አይባረርም። የሚያስፈልገው ጓደኛው ሲሳሳት የሚያርመው ሌላ ጓደኛ ነው።

ሌላው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1757 እ.ኤ.አ. ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ዶን ኪኾቴ ከተባለው ልቦለድ የወሰደውን የሳንቾን ዘመዶች ታሪክ ይተርካል። ሁለት ሰዎች በርሜል ወይን እንዲፈርዱ ተጠሩ። አንዱ ወይኑ መልካም ነው፣ ጥቂት ቆዳ ቆዳ ይላል እንጂ አለ፤ ሌላው መልካም ነው፣ ጥቂት ብረት ብረት ይላል እንጂ አለ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። በርሜሉ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም ታሪኩን የሚያነሣው ረቂቅ ምላስ እውነት እንዳለው ለማስረዳት ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን በርሜሉ ከማለቁ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ የሁለቱም እውነት ግማሽ ነው። ቆዳ ያለው ብረቱን አልሰማም፣ ብረት ያለውም ቆዳውን። እርስ በርስ ቢተማመኑ ኖሮ፣ አንዱ ለሌላው «አንተ ያልከው እኔ ያላገኘሁት ሊሆን ይችላል» ቢለው ኖሮ፣ ብረትና ቆዳ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚሆኑ ጠይቀው ቁልፉ ጋ በሐሳብ ይደርሱ ነበር። እኛም አብዛኛውን ዕድሜያችንን የምንኖረው ከሥሩ ያለው ባልታየ በርሜል ዙሪያ ነው።

ስለ ቁንዶ በርበሬው ግን ቁልፉ ተገኝቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሮታንዶን የሚባለው ንጥረ ነገር በሲራ ወይን ውስጥም በቁንዶ በርበሬ ፍሬ ውስጥም እንዳለና የሁለቱም የቁንዶ በርበሬ ሽታ ከእሱ እንደሚመጣ አሳወቁ። ከፈተኗቸው ሰዎች ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህል ይህን ሽታ ብዙ ተጨምሮበት እንኳ ሊሰማው አልቻለም። ሐኪሙ ጓደኛችን ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። በስድስት ዓመት ውስጥ አራታችንም ቁንዶ በርበሬ ባልንበት ጊዜ እሱ አንድ ቀን እንኳ አግኝቶት አያውቅም። በፊቱ ሁለት መንገድ ነበረው። «እኔ ያላገኘሁት ነገር በወይኑ ውስጥ የለም» ማለት ይችል ነበር፤ ምላሱ ምስክሩ ነው። ወይም እኛን ማመን። እኛን አመነ። ይህ እምነት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ወይኑ ቁንዶ በርበሬ እንዳለበት ያውቃል፣ በትክክልም ያውቃል፤ ነገር ግን አንዲት ጠብታ አልቀመሰውም። እንደ ቃና አገልጋዮች ነው። እኛ ደግሞ ቀምሰን፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ቀምሰነው ማለፋችንን ልብ አንለውም ነበር። አንድ ነገር ለጓደኛዬ እንደሌለ ሳውቅ ነው ለእኔ መኖሩ የገባኝ።

መጀመሪያ አካባቢ የምንጠቀምባቸው ቃላት የራሳችን አልነበሩም። ከፈረንጅ መጻሕፍት ብላክከረንት እያልን፣ ጉዝቤሪ እያልን እንጽፍ ነበር፤ ከአምስታችን አንዳችንም እነዚህን ፍሬዎች አፋችን ውስጥ አድርገን አናውቅም። ያልቀመስነውን ነገር ባልቀመስነው ነገር እየመሰልን ነበር ማለት ነው። ይህን የተረዳንበት ምሽት ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ መሐንዲሱ ብርጭቆውን አሽትቶ «አጋም» አለ። እሾሁ የቧጨረው እጅ፣ የጠቆረ ከንፈር፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ቃል መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀጋ፣ እንኮይ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በወይራ የታጠነ እንስራ እያልን እንጽፋለን። መጽሐፍ ነጋዴዋ ግን አጋም ቀምሳ አታውቅም፤ የእሷ ቃል አዲስ የተገለጠ መጽሐፍ ገጽ ነው፣ የብርቱካን ልጣጭ ነው፣ ዝናብ የነካው ማዳበሪያ ከረጢት ነው። ቃሉ የራሳችን ሲሆንም ሁላችንን እኩል አያደርስም። አጋም የማያውቅ ሰው አጋም ሲባል የሚቀምሰው የተናጋሪውን ፊት ነው።

የመምህርቷ እናት ጠጅ ጣይ ነበሩ። አንድ ቀን ምሽታችን እሳቸው ቤት ሆነና ስለ ወይኑ ጠየቅናቸው። ብዙ ጊዜ አሸተቱ፣ ትንሽ ጎንጨት አሉ፣ «ደርሷል» አሉ። ሌላውን ሰጠናቸው። «ይህ አልደረሰም» አሉ። ምን ምን ይላል ብንላቸው ጥያቄው አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ሳይበቃ ቀረ። ማርና ውኃ ከጌሾ ጋር ገንቦ ውስጥ ሆነው የሚያልፉትን መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታትለዋል፤ ምላሳቸው የሚለካው መንገዱን ነው። ደረሰ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ጠጁ ራሱ ወደ መሆኑ ደረሰ፣ ለእንግዳም ሊቀርብ ደረሰ። እሳቸው ዘንድ እነዚህ ሁለቱ አይለያዩም። ማንም የማይጠጣው ጠጅ ደረሰ ቢባል ወዴት ነው የደረሰው? ካንት የለየውን «ጣመ»ንና «ጣመኝ»ን እኚህ እናት በአንድ ግሥ አልፈውታል ብዬ አምናለሁ፤ የእሳቸው ፍርድ ስለ ጠጁ ነው፣ ያም ሆኖ ያለ ጠጪ ትርጉም የለውም።

በሌላ ጊዜ እኚሁ እናት አድነውናል። ለአንዳችን ከውጭ አገር የተላከ ጠርሙስ ነበር፤ አራት ዓመት ተጋድሞ የቆየ፣ ስሙ የከበረ። ያን ቀን ጋዜጣ አላለበስነውም። ስንከፍተው እርጥብ ካርቶን ይሸት ነበር። እኔና መሐንዲሱ አመሰገንነው፤ «እርጅናው ነው» አልን፣ ከልባችንም አምነን ነበር። እሳቸው ብርጭቆውን ወደ ከንፈራቸው ሳያደርሱ «ታሟል» ብለው አስቀመጡት። በኋላ አንብቤ እንደ ተረዳሁት በሽታው ስም አለው፤ ክሎሪን ያለበትን ነገር የነካ ሻጋታ ቡሹ ላይ የሚተወው ትራይክሎሮአኒሶል ነው፣ በአንድ ሊትር ጥቂት ናኖግራም ብቻ ሆኖ ወይኑን ያበላሻል። እኛ ያየነው ስሙን ነበር፤ እሳቸው ስሙን ማንበብ አይችሉም። የሸፈነላቸው ጋዜጣ አለማንበባቸው ነበር። የዚያን ቀን ያደረግኩትን ውዳሴ ሳስበው ዋሽቻለሁ ለማለት ያዳግተኛል፤ በእርግጥ ጥሞኝ ነበርና። ጣመኝ እውነት ነበር። ጣመ ሐሰት ነበር።

እንዲህ ከሆነ ምን ይሻላል ብዬ ብቻዬን ለመቅመስ ሞከርኩ። ያው የዝዋይ ሲራ፣ ያው ብርጭቆ፣ ደብተርና ዝምታ። ማንም ቃል የሚያቀብለኝ፣ ስም የሚያሳስተኝ የለም። አጋሙን አገኘሁ፣ ቁንዶ በርበሬውን አገኘሁ፣ ምሬቱን ለካሁ። ሁሉንም ጻፍኩ። ነገር ግን ቁንዶ በርበሬ ብዬ ስጽፍ የሰማሁት የመምህርቷን ድምፅ ነበር፣ አጋም ስል የመሐንዲሱን። ብቻዬን አልነበርኩም። ምላሴ ራሱ ስድስት ዓመት በሌሎች ምላስ የተገራ ነው። ለካ ንጹሕ፣ ማንም ያልነካው የራሴ ጣዕም ብዬ የፈለግኩት ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንድ ሰው ቀድሞ ቀምሶ ነው ያጎረሰኝ።

ስለዚህ በጣመና በጣመኝ መካከል ሦስተኛ ቃል እንዳለ ማመን ጀመርኩ፤ ጣመን። ይህ የአምስት ጣመኞች ድምር አይደለም፤ ሐኪሙ ቁንዶ በርበሬው አልጣመውምና ድምሩ ይጎድላል። እያንዳንዳችን ያላገኘነውን ሌላው እንዳገኘው ተቀብለን፣ ያገኘነውንም ለመታረም አቅርበን የምንደርስበት ነው። ፊደሉ ከመንገድ ድካም ስም ከጣመን ጋር አንድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አይከፋኝም፤ እዚያ መድረስ ያደክማልና። ጓደኛን ማመን በተለይ የራስ ምላስ ሌላ ሲመሰክር ከባድ ሥራ ነው። መዳፉ ላይ አፍስሶ የሚጠጣው አሳላፊ ለጌታው ያደረገውን፣ እኛ ጌታና አሳላፊ ሳንሆን ተራ በተራ ለእርስ በርሳችን እናደርገዋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ጠርሙስ ተቀድቶ ሁላችንም ቀምሰን ስንጨርስ ሐኪሙ እንደ ወትሮው ብርጭቆውን አስቀመጠና «ቁንዶ በርበሬው አለ?» ብሎ ጠየቀ። መምህርቷ እንደገና አሸተተች። «አለ፤ ግን ትንሽ ነው» አለችው። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፦ ሦስተኛው፣ ቁንዶ በርበሬ አለበት፣ ትንሽ።